ሁለት ኮንትሮለር አላችሁ? እስኪ አንዱን ንቀሉት

መጀመሪያ ያየሁት ቁጥር 171 እና 3 ነበር። ሁለት የዋይፋይ ኮንትሮለር (አክሰስ ፖይንቶችን የሚያስተዳድር ሣጥን)፣ አንድ ዓይነት ሞዴል። አንዱ 171 አክሰስ ፖይንት (በአጭሩ ኤፒ፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ተሸክሞ ያቃስታል፣ ሌላው 3 ይዞ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ኔትዎርኩን ያስረከበኝ ልጅ "ሁለት ስለሆኑ አንዱ ቢወድቅ ችግር የለም" ብሎኝ ነው የሄደው። እኔም አመንኩት። ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ሐሳብ ተኝቼ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝን ነው የምጽፈው፤ ምናልባት አንዳችሁን ሌሊት ከማደር ያድናችሁ ይሆናል። ዕቃው የሲስኮ ነው፣ ኤር ኦኤስ የሚባለው የቆየው ሶፍትዌር ያለበት። የእናንተ ሌላ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፣ አጠራሩ ይለያይ እንጂ። ትእዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው አድርጌ እጽፋቸዋለሁ።

በቅድሚያ የሠራሁትን ሞኝነት ልናገርና ይውጣልኝ። ሜኑ ውስጥ ስዞር "ሎድ ባላንሲንግ" የሚል አየሁ። አገኘሁት አልኩ። በዋናው ዋይፋይ ላይ አበራሁትና ጠበቅኩ። 171 እና 3 ንቅንቅ አላለም። ለካ እሱ ሌላ ነገር ነው። የሚያመጣጥነው ኮንትሮለሮቹን ሳይሆን በአንድ ኮንትሮለር ሥር ያሉ ጎረቤት ኤፒዎችን ነው። አንዱ ላይ ሰው ሲበዛ አዲስ የመጣውን በስታተስ ኮድ 17 ይመልሰዋል፣ "እዚህ ሞልቷል፣ ጎረቤት ሞክር" እንደማለት። ካልነካችሁት ይህን የሚጀምረው በኤፒዎቹ መካከል የ5 ተጠቃሚ ልዩነት ሲመጣ ነው፤ 3 ጊዜ መልሶት አሁንም ድርቅ ካለ ያስገባዋል። በዋይፋይ ስልክ የሚደወልበት ቦታ ላይ ይህን ማብራት ጥሪ ለማቋረጥ እንደመፈለግ ነው። አጠፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ኤፒ ኮንትሮለሩን እንዴት እንደሚመርጥ አነበብኩ። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። ኤፒው ሲነሳ አይፒ (የኔትዎርክ አድራሻ) ያገኝና ኮንትሮለር ፍለጋ ይወጣል። በራሱ ሰብኔት (የኔትዎርክ ክፍል) ውስጥ ብሮድካስት ያደርጋል፣ ማለትም ለሁሉም ይጣራል፣ ዲኤችሲፒ (አይፒ አዳዩ) በኦፕሽን 43፣ ማለትም የኮንትሮለር አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ፣ የሰጠውን ያያል፣ ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን) ይጠይቃል፣ ከዚህ በፊት የሚያውቃቸውንም ከማኅደሩ ያወጣል። ላገኘው ሁሉ ጥያቄ ይልካል። የሚመለስለት መልስ ውስጥ ኮንትሮለሩ ስንት ኤፒ መሸከም እንደሚችልና አሁን ስንት እንደያዘ አለ። ከዚያ ይመርጣል፤ ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ፣ ተርሸሪ ተብሎ በስም የተሰጠው ካለ በቅደም ተከተል እነሱ ጋ ይሄዳል፣ ከሌለ ግን ከአቅሙ አንጻር ብዙ ባዶ ቦታ ያለውን ይመርጣል።

ልብ በሉ፣ ይህ ምርጫ የሚደረገው ሲገባ ብቻ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ጭነት በዛ ብሎ ወደ ሌላው አይሄድም። ኮንትሮለሮቹም እርስ በርስ "አንተ ጋ በዝቷልና ወደኔ ላክ" አይባባሉም። እኔ ግን ይባባላሉ ብዬ ነበር የማስበው።

የ171 እና የ3 ምስጢርም እዚህ ላይ ተፈታ። ዲኤችሲፒው ላይ ኦፕሽን 43 ከፍቼ ሳይ ቁጥሩ በ"ኤፍ1" ጀምሮ 04 ይላል፣ ከዚያ አንድ አይፒ በሄክስ (በአሥራ ስድስት ቤት የቁጥር አጻጻፍ)። 04 ማለት አራት ባይት ነው፣ አራት ባይት ደግሞ አንድ አድራሻ ብቻ። ሁለት ኮንትሮለር ለማስተዋወቅ 08 መሆን አለበት፣ ሁለቱም አድራሻዎች ተከታትለው። ብሮድካስት ደግሞ ራውተር አይሻገርም። ስለዚህ 171ዱ ሁለተኛው ኮንትሮለር መኖሩን በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም! 3ቱ ብቻ ከሁለተኛው ኮንትሮለር ጋር አንድ ሰብኔት ውስጥ ስለነበሩ ሰሙት፣ ባዶ መሆኑን አዩና ገቡ። አንደኛው ኮንትሮለር በዚያ ሰሞን ቢወድቅ ኖሮ 171ዱ ሜዳ ላይ ነበር የሚቀሩት። ሦስት ሳምንት በሰላም የተኛሁት በዚህ ላይ ነው።

04ን 08 አደረግኩት፣ ሁለተኛውን አይፒ ጨመርኩ። ሁለቱን ኮንትሮለሮች አንድ ሞቢሊቲ ግሩፕ (ተጠቃሚ ሲሻገር የሚተባበሩ ኮንትሮለሮች ቡድን) ውስጥ አስገባሁ፤ የግሩፑ ስም ሁለቱም ላይ በፊደል መጠን (በትልቅና በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል) ጭምር አንድ መሆን አለበት። ቨርቹዋል አይፒውንም (ኮንትሮለሩ ለተጠቃሚዎች የሚታይበትን የይስሙላ አድራሻ) አንድ አደረግኩ፣ ይህ ካልተመሳሰለ ሮሚንግ (ከኤፒ ወደ ኤፒ መሻገር) ላይ ጣጣ ያመጣል። አሮጌ ኮንፊግ ከሆነ 1.1.1.1 ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ያን ቀይሩት፤ ከ2018 ጀምሮ የክላውድፍሌር የሕዝብ ዲኤንኤስ የሚሠራበት አድራሻ ነው። 192.0.2.1 አድርጉት። ከዚያ በሌሊት ሁሉንም ኤፒ ሪቡት አደረግኳቸው።

ግማሾቹ ቶሎ ተመለሱ። ሌሎቹ በጣም ቆዩ፣ እኔም ሰው ቢያየኝ በሚያሳፍር ሁኔታ ስክሪኑ ላይ ተደፍቼ ስጠብቅ ነበር። ለምን እንደቆዩ አልጠየቅኩም፣ መመለሳቸው ብቻ በቃኝ። ጠዋት ሳይ 89 እና 85። ጮቤ ረገጥኩ። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ላክሁ።

ረፋድ ላይ ስልኩ ተጀመረ።

ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጡ ሰዎች ችግር የለባቸውም። የሚራመዱት ናቸው ያበዱት። "እያወራሁ ኮሪደር ላይ ስሄድ ዝም ይላል፣ ቆሜ ስጠብቅ ይመለሳል" ይላሉ። ሲግናል ሙሉ ነው። ላፕቶፕ ከፍቼ ፒንግ (መልስ መምጣቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ) እያስኬድኩ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ስድስት ኤፒ አለው። እያንዳንዱ የትኛው ኮንትሮለር ሥር እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስሻገር "ሪኩዌስት ታይምድ አውት" መደርደር ጀመረ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስሄድ ምንም አልጠፋም። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው እንደገና ድርግም። ኮሪደሩ መሃል ቆሜ ወረቀቱንና ስክሪኑን ሳስተያይ የሆነው ነገር ፍንትው አለልኝ። የሚቋረጠው ኮንትሮለር በተቀየረ ቁጥር ነው።

የእኛ ሁለት ኮንትሮለሮች በተለያየ ሕንፃ ነው ያሉት፣ የተጠቃሚ ቪላኖቻቸውም (ተጠቃሚ የሚገባባቸው የኔትዎርክ ክፍሎች) ይለያያሉ። እንዲህ ሲሆን ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ስልክ የድሮ አይፒውን ይዞ ይቀጥላል፣ ትራፊኩም በቱኔል ወደ መጀመሪያው ኮንትሮለር ይመለሳል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። የእኛ ቱኔል ዝግ ነበር። እኔ ደግሞ ሞቢሊቲውን ስሠራ ኤምፒንግ አድርጌ መልስ ስላገኘሁ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ኤምፒንግ የሚፈትሸው የመቆጣጠሪያውን መንገድ ብቻ ነው፣ ዩዲፒ 16666። የዳታውን መንገድ የሚፈትሸው ኢፒንግ ነው። እሱን ስሞክር ዝም። "ሾው ሞቢሊቲ ሰመሪ" ብዬ ባየው ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን "ዳታ ፓዝ ዳውን" ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አላየሁትማ።

መሃል ላይ ፋየርዎል አለ። የዳታው ቱኔል የሚያልፈው በ97 ስለሆነ ፋየርዎሉን ለሚያስተዳድረው የሥራ ባልደረባዬ "97 ክፈትልኝ" አልኩት። ከፈተ። ኢፒንግ አሁንም ዝም። ግማሽ ቀን አብረን ተጋጨን፣ እሱ ከፍቻለሁ ይላል፣ እኔ አልተከፈተም እላለሁ። በኋላ ስክሪኑን ሳየው ዩዲፒ ፖርት 97 ነው የከፈተው። 97 ፖርት አይደለም፤ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር ነው፣ ቲሲፒ 6፣ ዩዲፒ 17 እንደሚባለው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በደንብ አልነገርኩትም። ሲያስተካክለው ኢፒንግ ወዲያው መለሰ። እናንተ ጋ ካታሊስት 9800 (የሲስኮ አዲሱ ኮንትሮለር) ከሆነ ያለው ይህ የለም፣ ዳታው በዩዲፒ 16667 ነው የሚሄደው፤ ከ16666 ጋር አብራችሁ ማስከፈት ነው።

ቱኔሉ ተከፈተ፣ ስልኮቹ መቋረጥ አቆሙ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፣ ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እኔን ግን ወረቀቱ ላይ ያለው "አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ" አስጨነቀኝ። ኤፒዎቹ ራሳቸው ሲመርጡ ቦታ አያውቁም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ ሰርገኛ አድርገው ይቀላቅሉታል። አንድ ሰው ኮሪደሩን ሲያቋርጥ አራት ጊዜ ኮንትሮለር ይቀይራል፣ በእያንዳንዱ ቅያሬ ሁለቱ ኮንትሮለሮች ስለሱ መነጋገር አለባቸው፣ ትራፊኩም ሕንፃ አቋርጦ ይዞራል። ጭነት ልናቀል ብለን ጭነት ፈጠርን ማለት ነው። እርግጥ ለመቀላቀል የሚሟገቱ አሉ፤ አንዱ ኮንትሮለር ሲወድቅ አንድ ፎቅ በሙሉ ከሚጨልም በየመሃሉ አንድ አንድ ኤፒ ይተርፋል ይላሉ። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን በዓመት አንዴ ለሚመጣ ለአንድ ደቂቃ ጨለማ ብዬ በየቀኑ ሰው ሲራመድ አላስቸግርም። በነገራችን ላይ 9800 አንድ ሣጥን ውስጥም ቢሆን ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ አንድ ሳይት ታግ (የቦታ መለያ) የተሰጣቸው ኤፒዎች ተሰብስበው በአንድ የውስጥ ፕሮሰስ ሥር እንዲሆኑ ነው የተደረገው። በቦታ መክፈል ማለት ነው።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ፣ አሁን በካርታ። ሦስት ሕንፃ አለን። የኤፒ ቁጥር እኩል ይሁን የሚለውን ሐሳብ ጣልኩት። የሚከብደው ኤፒው ሳይሆን ሰው ነው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ጥቂት ኤፒዎች አንድ ሙሉ ፎቅ ከሚይዘው በላይ ተጠቃሚ ይይዛሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባዶ ናቸው። ለአንድ ሳምንት ሰው በሚበዛበት ሰዓት እየገባሁ በየሕንፃው ስንት ተጠቃሚ እንዳለ መዘገብኩ። መጨረሻ ላይ አዳራሹ ያለበት ሕንፃ 74 ኤፒ ይዞ ወደ አንደኛው፣ የቀሩት ሁለቱ ሕንፃዎች በ100 ኤፒ ወደ ሁለተኛው ሆኑ። በኤፒ ሲታይ የተዛባ ይመስላል፣ በተጠቃሚ ግን 380 ገደማ ለ400 ገደማ ነው። ድንበሩም በሕንፃዎቹ መካከል ሆነ፣ ሰው ስልክ እያወራ ብዙም በማያልፍበት።

ለ174 ኤፒ ፕራይመሪና ሰከንደሪ በእጅ መሙላት የሚያሳብድ ነው። ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ አድርጌ "ኮንፊግ ኤፒ ፕራይመሪ ቤዝ" የሚለውን ትእዛዝ ከኮንትሮለሩ ስም፣ ከኤፒው ስምና ከአይፒው ጋር በፎርሙላ አያያዝኩትና በአንዴ ለጠፍኩት። ሰከንደሪውንም እንደዚያው፣ በተቃራኒው። ኤፒ ፎልባክ ከበራ ኤፒው ፕራይመሪዬ አለ ወይ እያለ በየጊዜው ይጠይቃል፣ ካልቀየራችሁት በየ120 ሰከንዱ፣ ሲያገኘው ይሄዳል። ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ ብዙዎቹ ቦታቸውን ያዙ። 11 ኤፒ ግን አልነቃነቅ አሉ። ሪቡት ባደርጋቸውም ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። አንዱን "ሾው ኤፒ ኮንፊግ ጄነራል" ብዬ ሳየው የፕራይመሪው ስም አለ፣ ትክክል ይመስላል። ሁለት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሳየው የመጀመሪያዋ ፊደል ትንሿ ነች፣ ኮንትሮለሩ ላይ ግን ትልቋ። እነዚያን 11 መስመሮች በእጄ ነበር የጻፍኳቸው፣ አይፒውንም አላስገባሁም ነበር። ስሙ ከኮንትሮለሩ ስም ጋር በፊደል መጠን ጭምር ካልገጠመ ለኤፒው እንደሌለ ነው፣ ምንም ስህተት አያሳይም።

አሁን 74 እና 100 ሆነ፣ ካርታውም ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። ይህ ሁሉ ሁለቱም በሕይወት እያሉ የሚታይ ነው። አንዱ ሲሞት ምን እንደሚሆን አንድም ቁጥር አይነግራችሁም። መንቀል ብቻ ነው መድኃኒቱ። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሌሊት ተሰጠኝ።

ከመንቀሌ በፊት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ያ የመጀመሪያው ሌሊት፣ ግማሾቹ የቆዩበት። ሁለቱ ኮንትሮለሮች ላይ ቨርዥኑን አየሁ። ይለያያል! ኤፒ ሁልጊዜ የሚገባበትን ኮንትሮለር ሶፍትዌር መልበስ አለበት፣ ከሌለው አውርዶ ሪቡት ያደርጋል። ያኔ የቆዩት ለዚህ ነበር። በዚህ ሁኔታ አንዱ በቀን ቢወድቅ በአንድ ጊዜ ሰባ ወይም መቶ ኤፒ ማውረድ ይጀምራል፣ የአንድ ደቂቃው መቋረጥ ወደ ረጅም ጥቁረት ይቀየራል። ፈተናውን አንድ ሳምንት አራዝሜ ቨርዥኑን አንድ አደረግኩ።

የፈተናው ሌሊት። አንድ ባልደረባዬ አዳራሹ ውስጥ ስልኩን ይዞ ቆሟል፣ እኔ ሰርቨር ክፍል ነኝ። ከመጀመሬ በፊት የሁለቱንም "ሾው ኤፒ ሰመሪ" ገልብጬ ፋይል ላይ አስቀመጥኩ፣ ምን እንደጎደለ በኋላ ለማወዳደር። የአንደኛውን ኮንትሮለር ሁለቱንም ኬብል ነቀልኩ። ሪቡት አላልኩትም፣ ነቀልኩት። ሪቡት ሲሆን ራሱ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የማይመለስ ሞት ነበር ማየት የፈለግሁት።

ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ይህ የተለመደ ነው፤ ኤፒው በየ30 ሰከንዱ ነው ካልነካችሁት የልብ ትርታ የሚልከው፣ መልስ ሲያጣ 5 ጊዜ በ3 ሰከንድ ልዩነት ይሞክራል፣ ስለዚህ ኮንትሮለሩ መሞቱን ለማወቅ ብቻ 45 ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። ይህን ለማሳጠር ፋስት ኸርትቢት አለ፣ ከ1 እስከ 10 ሰከንድ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 100፣ 112፣ 131፣ 148፣ 150። 150።

150 ላይ ቀረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት። ደሜ ቀዘቀዘ። የሁለተኛው ኮንትሮለር ላይሰንስ 150 ኤፒ ብቻ ነበር፣ የአንደኛው ግን ሰፊ ነው። ሞዴላቸው አንድ ስለሆነ ላይሰንሳቸውም አንድ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሁለተኛው ከ100 በላይ ይዞ ስለማያውቅ ማንም አላወቀም። 24 ኤፒ በር ላይ ቀሩ፣ የትኞቹ ናቸው ብትሉ ዘግይተው የደረሱት ናቸው፣ አስፈላጊነት የሚባል ነገር የለም። ላይሰንሱን እስክንጨምር ድረስ መፍትሔው የፌይልኦቨር ፕራዮሪቲ ነበር፤ ለኤፒዎቹ ሎው፣ ሚዲየም፣ ሃይ፣ ክሪቲካል የሚል ደረጃ ትሰጣላችሁ፣ ኮንትሮለሩ ሲሞላ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ዝቅ ያለውን አስወጥቶ ይገባል። ሁሉም ሲጀመር ሎው ነው። ደረጃውን መስጠት ብቻም አይበቃም፣ ባጠቃላይ ኮንትሮለሩ ላይ ማብራት አለባችሁ።

ይህን እያየሁ ባልደረባዬ ከአዳራሹ ደወለ። "ኤፒዎቹ መብራታቸው በርቷል" አለኝ። "ዋይፋዩ ግን የለም።" እንዴት የለም? የእኔ ላፕቶፕ ላይ አለ። "ዋናው አለ፣ የአዳራሹ የለም" አለ። ለአዳራሹ ለብቻው የተሠራ ዋይፋይ አለን፣ የራሱ ኤፒ ግሩፕ (የትኞቹ ኤፒዎች የትኛውን ዋይፋይ እንደሚያሰራጩ የሚወስን ምድብ) ያለው። ያ ኤፒ ግሩፕ ሁለተኛው ኮንትሮለር ላይ አልተፈጠረም። ኤፒው ግሩፑን ሲያጣ ዲፎልት ግሩፕ ውስጥ ይወድቃል፣ ዲፎልት ግሩፕ ደግሞ መታወቂያ ቁጥራቸው ከ1 እስከ 16 የሆኑ ዋይፋዮችን ብቻ ነው የሚያሰራጨው። የአዳራሹ ቁጥር 18 ነበር። ኮንትሮለሩ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ኤፒዎቹ ገብተዋል፣ አንድም ስህተት አይታይም፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ዋይፋይ የለም። ሰው እዚያ ባላቆም ኖሮ "ከላይሰንሱ በቀር ፈተናው አልፏል" ብዬ ጽፌ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የሁለቱን ኮንፊግ ጎን ለጎን አድርጌ መስመር በመስመር አነበብኩ። የዋይፋይ ቁጥሮች፣ ግሩፖች፣ ሰዓት። ሰዓቱን አትናቁት፣ ኤፒና ኮንትሮለር የሚተማመኑት በሰርተፊኬት ስለሆነ ሰዓቱ የተዛባ ኮንትሮለር ኤፒ ላይቀበል ይችላል፣ ሁለቱም ከአንድ ኤንቲፒ (የሰዓት ሰርቨር) ይውሰዱ። ራዲየስንም (የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠውን) እዩት። እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ ራዲየስ ሰርቨሩ ላይ የሁለተኛው ኮንትሮለር አድራሻ ካልተመዘገበ ኤፒዎቹ ሁሉ በሰላም ገብተው አንድም ሰው በስሙና በይለፍ ቃሉ መግባት አይችልም። ስትፈትኑ አስቀድሞ የተገናኘ ስልክ አይበቃም፣ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት።

አንድ ነገር ደግሞ የሌሊት ፈተና በፍጹም አያሳያችሁም፣ እሱን በወረቀት ነው ያገኘሁት። የሁለተኛው ኮንትሮለር ዋና ቪላን /23 ነበር፣ 510 አድራሻ። ለራሱ 400 ሰው ይበቃዋል። የአንደኛው 380 ሲጨመርበት 780 ነው። ሌሊት አምስት ሰው ይዛችሁ ስትፈትኑ ሁሉም አይፒ ያገኛል። በቀን ሲሆን ግን ኤፒ አለ፣ ሲግናል አለ፣ የይለፍ ቃል ይቀበላል፣ አይፒ የለም። ሁለቱም ጋ ወደ /22 አሰፋሁት፣ 1022 አድራሻ። ከዚያ በላይ የሚሆንባችሁ ከሆነ በሌላ መንገድ አስቡበት፣ አንድ ቪላን ዝም ብሎ ሲለጠጥ የብሮድካስቱ ጫጫታ ያስመርራል።

ኬብሉን መልሼ ስሰካ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ፎልባክ ስለበራ ኤፒዎቹ አንደኛው እንደተመለሰ እየተሽቀዳደሙ ወደሱ ሄዱ፣ በዚያው ተጠቃሚዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ተቋረጡ። ሌሊት ነው፣ ምንም አይደል። በቀን ግን አንድ ጊዜ የተናደደን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ማናደድ ነው፤ የሞተው ኮንትሮለር የሚነሳ የሚወድቅ ዓይነት ከሆነማ ኤፒዎቹ ሲመላለሱ ይውላሉ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ኮንትሮለር በቀን ከወደቀ መጀመሪያ በሚሠራው ኮንትሮለር ላይ ፎልባክ አጠፋለሁ፣ የወደቀውን ተረጋግቼ አስተካክላለሁ፣ ማታ ፎልባኩን አበራለሁ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። መልሳችሁ ማብራቱን ግን አትርሱ።

ሁለተኛው ፈተና ከአንድ ወር በኋላ ነበር፣ ላይሰንሱም ግሩፑም ተስተካክሎ። በሁለቱም አቅጣጫ ነቀልኩ፤ መጀመሪያ አንደኛውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱንም ጊዜ 174 ሞላ። አዳራሹ ውስጥ የቆመው ባልደረባዬ የዋይፋዩን ስም በስልክ አነበበልኝ።

አንዳንዶች ለምን ኤስኤስኦ (ስቴትፉል ስዊችኦቨር) አታደርጉም ይላሉ። እሱ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ሁሉን ነገር እየገለበጠ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ ሲወድቅ ኤፒው እንኳ ሳያውቅ ይተካዋል። መቋረጡን በጣም ያሳጥረዋል፣ ጭነት ግን አይካፈልም። የአሩባ (የሌላ አምራች) ኤኦኤስ 8 ክላስተር ደግሞ ተጠቃሚውን ራሱን ከኤፒው ለይቶ ለኮንትሮለሮቹ ስለሚያከፋፍል እኔ ያየሁትን ሰርገኛ ጣጣ በሌላ መንገድ ያልፈዋል። ገንዘቡም ዕቃውም ካላችሁ እሰየው። እኔ ያለኝ ሁለት አሮጌ ሣጥን ነው።

አሁን በየሦስት ወሩ እነቅላለሁ። ባለፈው ጊዜ ስነቅል አንድ ኤፒ ጠፋ፣ 174 ሳይሆን 173። ያስቀመጥኩትን ዝርዝር ሳወዳድር በቅርቡ ተበላሽቶ የተቀየረ ኤፒ ሆኖ ተገኘ። አዲሱን የሰቀለው ልጅ ፕራይመሪውን ሞልቶ ሰከንደሪውን ባዶ ትቶታል፣ የሰካበት ቪላን ላይ ደግሞ ኦፕሽን 43 አሁንም 04 ነበር። ያን ቪላን ያኔ ረስቼዋለሁ ማለት ነው።